ዘግይቶ የሚደርስ ጎል

ቫልፓራይሶ ላይ፣ ከወደቡ በላይ፣ ዳገቱ ወገብ ጋ፣
ዶን ኦኔሲሞ ቤት ቢራ ይቀዳል፣ ዓሣ ይጠበሳል፣ ሌሊቱ እስኪነጋ።
አሥራ አንድ ቴሌቪዥን ገዝቶ አሰለፈ፣ ልክ እንደ አንድ ቡድን፤
አጥቂው ከባንኮኒው፣ አማካዩ ከደረጃው፣
በረኛው ከጓዳ፣ ከሳህን ማጠቢያው፣ ከድስቱ ክምር ጎን።

ፊት ለፊት ያሉቱ ከጣራው አንቴና፣ በወፍራሙ ሽቦ፤
ኋላ ያሉት ደግሞ ከጎረቤት ዋይፋይ፣ በአየር ተስቦ።
ኋላ የሚቀመጡት ጡረተኞች ናቸው፤
የመርከብ ጭነት ነው ወገባቸውን ያጎበጣቸው።
በነሱ ስክሪን ላይ ኳሷ ገና ሳትሻማ፣ እግርም ሳይነሳ፣
«ጎል!» የሚል ጩኸት ግድግዳውን ሰንጥቆ ይመጣል፣ ብርጭቆ እያስነሳ።
ሃያ ይቆጥራሉ።
ከዚያ ነው የሚያዩት፤ ደስታው ወሬ ሆኖ ቀድሟቸው ይመጣል፤
ጆሮ የጨረሰው፣ ለዓይን የተረፈው፣ ምኑ ይጣፍጣል?

አንድ ቀን ሽማግሌው ቤሊሳርዮ ጠረጴዛ መታ፦
«አርባ ዓመት ስሸከም፣ ደመወዝ ሲዘገይ፣ ጡረታ ሲዘገይ፣
አሁን ደግሞ ጎል ነው? ኧረ ይሄስ በቃኝ! እንደ ሰው፣ እንደ ሰው፣ ሲገባ እኔም ልይ!»

ኤሎይሳ ተጠራች።
መሰላል በጫንቃ፣ ፒንሳ በኪሷ፣ ጥያቄ በአፏ፣ ይዛ መጣች፦
«ከሳጥኑ እስከ ስክሪኑ ስንት ሜትር ይሆናል? ኮርኒሱስ ምን ይዟል?
የመብራቱ መስመር በየት በኩል ያልፋል? የመጥበሻው እንፋሎት የት ድረስ ይጓዛል?»
ኦኔሲሞ ግን አንድ ጥቅል አንሥቶ፦ «በግማሽ ዋጋ ነው፤
ገመድ ያው ገመድ ነው፤ ጥቁር ነው፣ ረጅም ነው፣ ምን ልዩነት አለው?»

ቢላዋን አወጣች። ጫፉን ፋቅ አደረገች።
ከመዳቡ ቆዳ ሥር የገረጣች አሉሚኒየም ብቅ አለች።
ሰሙ መዳብ ሆኖ፣ ሲፈቱት ወርቁ አመድ፣
እንዲህ ያለም አለ፣ ላዩ የሚያብረቀርቅ፣ የሚቀጥፍ ገመድ።

«ለባንኮኒው፣» አለች፣ «ሦስት ሜትር ነው፣ ተራው ኤችዲኤምአይ ይበቃል፤
አርባ ሜትር ግን ከጎተትከው ምስሉ መንገድ ላይ ይደክማል፣
ብልጭ ድርግም ይላል፣ ኋላም ይጨልማል።
ለሩቆቹ ካት ሲክስ፣ እስከ ሆዱ መዳብ፣
በጫፍና በጫፉ ላኪና ተቀባይ፤ ለአሥራ አንዱም አንድ ልብ።
ከመብራቱ መስመር ክንድ ያህል ይራቅ፤
አብረህ ካስተኛኸው የሰው ሐሜት ሰምቶ ያወራል ሳያውቅ።
ማዕዘን ላይ አትስበረው፤ እንደ ሽማግሌ ጉልበት፣ በቀስታ ነው መታጠፉ።»

«ልባሱስ?» አላት። «እሱን እንኳ ርካሽ እናድርገው።»
ዝም አለች።
በመስኮቱ አሻግራ ዳገቱን አየች፤ ከሰል የመሰለ ግድግዳ አጠገብ
አዲስ ጣውላ ተመቶ ነበር፣ ገና ቀለም ያልነካው።
«እዚህ ከተማ እሳት እናውቃለን፣ ኦኔሲሞ።
ቢነድ እንኳ ጭሱ ሰው የማያፍነውን ነው የምገዛው።»

ዋጋውን አየና ጢሙን እየነጨ ሦስት ጊዜ ደመረ፤
ርካሹም ጥቅል ሥራ አላጣም፤ ከጓሮ ተወጥሮ፣ ልብስ ማስጫ ሆኖ ቀረ።

ቅዳሜ ምሽት ቤቱ ጢም ብሎ ሞላ።
ቤሊሳርዮ እንደ ልማዱ ጆሮውን ጋርዷል በመዳፉ ጥላ፣
ጩኸቱ ቀድሞት እንዳይገባ።
ሰባኛው ደቂቃ። የማዕዘን ምት። ኳሷ ተሻማች፤
አንዱ በግንባሩ…
ብረቱን መታች!
ፊትም፣ ኋላም፣ ጓዳም፣ ሳህን አጣቢውም ሳሙና እንደያዘ፣
«ወይኔ!» አለ ባንድ አፍ፤
አሥራ አንዱም ስክሪን ላይ ያው አጥቂ፣ ባንድ ጊዜ፣ ጭንቅላቱን ያዘ።

ቤሊሳርዮ እጁን ከጆሮው አወረደ፤ ወደ ፊተኛው ክፍል አንገቱን አስግጎ፣
«ሳትን፣» አለ፣ «አብረን ሳትን!»
ሳቀ፣ እንዳገባ ሰው ብርጭቆውን ከፍ አድርጎ።

ኤሎይሳ ኳሱን አላየችም።
ጀርባዋን ለስክሪን፣ ፊቷን ለሰዎቹ ሰጥታ ቆማ ነበር፣
ሥራዋን ከፊታቸው እያነበበች፦ አንዱም ከአንዱ አልዘገየም።