የታንኳዋ ካርድ

የአባቴን ሣጥን ከፍተን ቅርሱን ስንካፈል፣
ከግብር ደረሰኝ፣ ከዕድር ደብተር መሐል፣
ዱብ አለች ያቺ ካርድ፤ ጠርዟን ብል የበላት፣
ዘመን ጢስ ጠጥታ፣ አናቷን ሚስማር የበሳት።
በፊቷ የደንገል ታንኳ፣ በጣና ማገዶ ጭና፤
በጀርባዋ ግማሽ ቴምብር፣ ማኅተሙ ሳይለቅ ገና።

አጎቴ ልየው ነው ከባሕር ዳር የላካት።
ፍኖተ ሰላም ፖስታ ቤት ሦስት ሳምንት ተኝታ፣
በጨው ነጋዴ ኪስ ቋሪት ድረስ ወጥታ፣
ሰኔ መባቻ ላይ ደረሰች በማታ።

«ና እስቲ ተማሪው» አለኝ። ሦስተኛ ክፍል ነበርኩ፤
ከዚያ ሁሉ ጎጆ ፊደል የቆጠርኩ
እኔ ብቻ ነበርኩ።
ጎረቤት ተጠራ፤ ኩራዝ ተጠጋልኝ፤
አባቴ ትንፋሹን ውጦ አፍ አፌን አየኝ።
የአጎቴ ጽሕፈት ግን እንደ መጽሐፌ አይደለም፤
እንደ ጉንዳን መንገድ ተያይዞ የሮጠ፣ ጫፉ የማይለይ ቀለም።
«ይድረስ ለ...» አልኩና ከዚያ ወዲያ ጠፋኝ፤
«አላውቅም» ማለትን ማንም አላስተማረኝ።

ስለዚህ ፈጠርኩ፦
«ደኅና ነን፣ እግዜር ይመስገን። ዝናቡ በጊዜው ጣለ።
ዳጉሳው ተዘርቷል። ላሚቱም ሴት ወልዳለች።»

አባቴ ሣቀ። «ልየው ድሮም ነገሩ አጭር ነው» አለ፤
ምሰሶው ላይ ሚስማር ተከለ፤
ታንኳዋን ወደ ሰው፣ ጽሕፈቱን ወደ እንጨቱ።

መርዶው የመጣ ዕለት፣ ነሐሴ ውስጥ፣
«ደኅና ነኝ ብሎኝ! ደኅና ነኝ ብሎኝ!» እያለ ደረቱን ሲደቃ፣
እኔ ከጎተራው ኋላ ቆሜ አውራ ጣቴን እነክስ ነበር።
ለአርባው ይስማላ ወርዶ፣ በረት ገብቶ ጥጃ ቢያጣ፣
«ጅብ በልቷት ይሆናል» ብሎ ተመልሶ መጣ።

ዛሬ መነጽሬን ጠርጌ የጉንዳኑን መንገድ ተከተልኩት፦

«ወንድሜ አለኸኝ፣ እግሬን ካልቆረጥን አሉ።
አንተ ሳትኖር እሺ አልልም።
ክረምቱ ሳይገባ ድረስልኝ።»

ሦስት መስመር ነው።

«ምን ይላል?» አለች እኅቴ፣ ማረሻውን እንደታቀፈች።
እሷ ፊደል አልቆጠረችም።
ያ ኩራዝ እንደገና ተጠጋኝ።
«ደኅና ነን ይላል» አልኳት። «ላሚቱም ሴት ወልዳለች።»
«አዎ» አለች ፈገግ ብላ፤ «ሻሽቱ ብያት ነበር።
ሳላያት ነው ስም ያወጣሁላት።»