ከእራት በኋላ

ቀን ቀን አዳራሹ የባለ ከረባት፣
ንግግር በደቂቃ፣ ጭብጨባ በሰዓት።
ስላይዱ ይሮጣል፣ ሰውየው ይከተላል፣
እጅ ያወጣ ቢኖር «በሻይ ሰዓት» ይላል።
ሻይ ሰዓት ይደርሳል፤ ሰውየው ግን የለም፤
ብስኩቱ መጣ እንጂ መልሱ አልመጣም።

ጉባኤው ማታ ነው።

ከሊፍቱ አጠገብ፣ «ተበላሽቷል» ካለው ወረቀት በታች፣
አንዲት የካርቶን ክዳን በፕላስተር ተለጥፋለች፤
ርዕስ በእስክርቢቶ፣ ሰዓት በእስክርቢቶ፣
የሻው ይጽፍባታል ከእራቱ ተነሥቶ።
«የባንክ መተግበሪያ፣ ምድር ቤት፣ ሁለት ሰዓት።»
«የይለፍ ቃል ይሙት! በረንዳ ላይ፤ ቢራ ይዞ መምጣት።»
ከሁሉም በታች፣ ጠርዟ ላይ፣ በደቃቅ ፊደላት፣
«የተሸወድኩበት ቀን። ክፍል ሁለት መቶ ሰባት።»
ስም የለውም።

ለምን እዚያ ሄድኩኝ? ቢራው ይሻል ነበር፤
እግሬ ግን ደረጃውን ወጣ፣ እኔን ሳያማክር።
ዘጠኝ ሰው ተገኘን። አልጋው ወደ ጥግ ተገፍቶ፣
ስልክ ሁሉ ጠፍቶ፣ በልብስ ማጠቢያ ባልዲ ተከትቶ፣
በመስኮቱ ማዶ የፋሲል ግንብ ቢጫ መብራት ለብሶ፣
ከፒያሳ የባጃጅ ጥሩምባ ሲመጣ ነፋሱን ጥሶ።
ደርበው ከባንክ ነው፣ ሰጠኝ ከቴሌ፣
የማራኪ ግቢ ልጆች፣ አንድ ሰው ከቀበሌ።
ማንም አይጀምርም፤ ሁሉም ያያል ጫማ።
«ጻፊዋ እኔ ነኝ» አለች ትሁን፣ ድምጿ እንደማይሰማ።

«ሆስፒታል ነው ሥራዬ፤ የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተር በእጄ ነው።
ለነርሱ፣ ለጽዳቱ፣ ለሐኪሙ ‹አትንኩ!› የምል እኔው ነኝ፣ ሌላ ማነው?
‹ሊንክ ቢመጣ አትንኩ፤ ደውሉ፣ ጠይቁ›፤
ግድግዳ ላይ አለ፣ በቀይ፣ በትልቁ።

ጥቅምት ላይ፣ ከሌሊቱ ስድስት፣ ተረኛ ሆኜ ሳለሁ፣
‹እህትዬ፣ ይቺን ፎቶ አይተሻታል?› የሚል መልእክት አየሁ።
የወንድሜ ስም ነው። የወንድሜ መልክ፣ ሸሚዙ ሳይቀር።
ወንድሜ ከተቀበረ ሰባት ወር አልፎት ነበር።»

ባልዲው ውስጥ አንድ ስልክ፣ ጠፋ የተባለ፣ ነዘረ።
ማንም አልተነሣም።

«አላወቅሁም አልልም። የሞተ ሰው አይጽፍም።
ሌባ እንደሆነ አውቄያለሁ፤ ጅል አይደለሁም።
ብቻ፣ ያላየሁት ፎቶ ቢኖርስ አልኩ፣ አንድ ቢኖርስ?
ጣቴ ቀድሞኝ ሄደ፤ ምን ዋጋ አለው ብመልስ?

አራት ቀን ተዘጋ የሕሙማኑ ካርድ፤
ነርሶቹ በደብተር ጻፉ፣ ጣታቸው እስኪነድ።
ሪፖርቱ ላይ ‹የሠራተኛ ስህተት› ተባለ፣ በአንድ መስመር።
ፎቶም አልነበረው። ስከፍተው ባዶ ነበር።»

ያኔ መብራት ሄደ።
ግንቡም ጠፋ፣ ፒያሳም ጠፋ፣ የእኛም ፊት አብሮ ጠፋ፤
ደርበው ከወደ መስኮቱ «እኔም…» አለ፣ ጉሮሮውን ጠራርጎ በይፋ።
ሰጠኝም ቀጠለ።
ሰጠኝ የሰጠኝን ለማንም አልሰጥም፤
የራሴንም አወራሁ፤ እሱንም አልጽፍም።

በሩ ተንኳኳ። «ማነው?» አለ ጋሽ አዲሴ፣ ዘበኛው፣ ባትሪ እያበራ፤
«ዘመድ ነን!» አልን ባንድ አፍ፣ ደንግጠን በጋራ።
«ዘመድ ነኝ ያለ ሁሉ ዘመድ ነው እንዴ?» ብሎ ሣቀ ሽማግሌው፤
ብርሃኑን ባልዲው ላይ አሳርፎ፣ «ስልኩንስ የምታጥቡት ለምንድነው?»
ትሁን ያን ጊዜ ሣቀች፤ ሣቁ አላቆም ብሏት፣
የአልጋ ልብሱን ጫፍ ይዛ፣ ዓይኗን እስክትጠርግበት።

ጠዋት አዳራሹ ውስጥ ከረባቱ ተመለሰ፤
«ዋናው ቀዳዳ ሰው ነው» የሚለው ስላይድ ደረሰ።
ጭብጨባ ወረደ። ዘጠኝ ወንበር አላጨበጨበም፣
በየረድፉ ተበትነናል፣ ግን አልተጠፋፋንም።
ትሁን እጇን አወጣች፤ ረጅም ነበር ዝምታዋ፤
«ሰውን በምን ትደፍኑታላችሁ?» ይኸው ነው ጥያቄዋ።
ሰውየው ሰዓቱን አየ።

ወደ ሻዩ ስወጣ በሊፍቱ በኩል፣ ካርቶኗ እዚያው ናት፤
ከትሁን ጽሕፈት ሥር ሌላ እጅ በእርሳስ ጨምሮባት፦
«ዛሬም። ባትሪ ይዛችሁ ኑ።»