መዝገቡ

በደቡብ ኢስቶኒያ ጥግ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ አውቶቡስ ነጂ ነኝ፤
ከቮሩ አንትስላ፣ ባልቴቱም ልጁም በስም የሚያውቀኝ።
ቅዳሜ ሲነጋ ቁልፉን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ
ወደ ጥዱ ጫካ እሄዳለሁ፣ ጠመንጃዬን አዝዬ።
ደመወዝ የለውም፤ ነዳጁን እንኳ ከኪሴ ነው የማወጣ፤
ያስገደደኝም የለ፤ በገዛ እግሬ ነው የምመጣ።

ጭቃው ላይ ጎን ለጎን በሆዳችን የምንተኛ፦
የጥርስ ሐኪሟ፣ የወተት ፋብሪካው መካኒክ፣ የወረዳው ዳኛ፣
ኤንዴልም አለ፣ ሥልሳ ያለፈው ንብ አናቢ፣
ተኩስ በቆመ ቁጥር የማር ወሬ የሚያመጣ ቀልደኛ።
አንዴ ዳኛው በረዶ ላይ ተንሸራቶ ወደቀ፤
ባለፈው ወር የቀጣው መካኒክ ነው ያዘለው፣ እየሳቀ።
ማዕረግማ አለ። ግን ሰኞ ሲመጣ
ሻምበላችን አውቶቡሴ ላይ ቆሞ ይሄዳል፣ ወንበር ሲያጣ።

ሥራው ሁሌ ተኩስ አይደለም። ባለፈው መስከረም
እንጉዳይ ልትለቅም ወጥታ የጠፋች አሮጊት ፈለግን፣ ሌሊቱን ሙሉ፤
ስናገኛት፣ «እኔን ተሸከሙ፤ ቅርጫቴን ግን አልሰጥም!»

አያቴ ያጉፕም እንደኔው ነበረ፤
ሳምንቱን ጫማ እየሰፋ፣ እሁድ ዒላማ እየመታ ኖረ።
አገር ገና ሕፃን ሳለች፣ ጦርም ግምጃ ቤትም ሳይኖራት፣
ገበሬና አስተማሪ ነበር በአደን ጠመንጃ የጠበቃት።
ሁሉም ስሙን አሰፈረ በአንድ ወፍራም መዝገብ፣
በተራ፣ በረድፍ፣ በውብ ፊደል፣ በክብር እንዲነበብ።

ከዚያ ማኅበሩ ፈረሰ፤ ጠመንጃው ተሰበሰበ፤
መዝገቡ ግን ቀረ።
መዝገቡ በባዕድ አፍ ተነበበ።
በአንዲት የሰኔ ሌሊት፣ ሰማዩ በማይጨልምባት፣
በር ተንኳኳ፣ ቀጥሎም በር፣ በመዝገቡ ተራ፣ ቤት ለቤት።
ሃያ ሰባተኛው አያቴ ነበር፤ የመንደሩ ጫማ ሰፊ
በባዶ እግሩ ፉርጎ ላይ ተጫነ። ከረድፉ የለም ተራፊ።
ሚስቱ የክንዱን ጨርቅ በቅቤ ቆርቆሮ አሽጋ
ከጎተራው ሥር ቀበረችው፤ ሃምሳ ዓመት አልተነፈሰችም፣ እስኪነጋ።
ሲነጋ ቆፈርን።
ብል በልቶት ነበር፤ ጥቂት ክር፣ አንድ የዛገ መርፌ ቁልፍ።

እኔ ልመዘገብ ስሄድ ጸሐፊው ብዕር አቀበለኝ፤
«ፊርማሽ እዚህ ጋ» አለ። አልፈራሁም ብል እዋሻለሁ፤ ያ ወፍራም መዝገብ ታየኝ።
ባዶ መስመር ነበር፣ ቁጥሩ አንድ መቶ ስምንት።
ማርጊት ብዬ ጻፍኩ፣ ጎላ አድርጌ፣
ያንብበው፤ ወዳጅም ቢሆን ጠላት።

እሁድ ማታ ከጥፍሬ ሥር የጥድ ሙጫ እፍቃለሁ፤
ሰኞ አሥራ ሁለት ከሩብ ላይ የመጀመሪያው ፌርማታ እደርሳለሁ።
ኤንዴል ትኬት እየቆረጠ አንድ ብልቃጥ ማር ያቀብለኛል፤
«ቅዳሜ?»
«ቅዳሜ።»
በሩን እዘጋለሁ። አውቶቡሱ ይሄዳል።