ቆሽት ሲያር

ኡልም ከተማ፣ ዳኑብ ዳር፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
በሠላሳ ሰባት ዲግሪ፣ ሌት ከቀን ሳይለይ፣
የኦትማር ቆሽት አለ፣ በሰሃን ተዘርቶ፣
በመርፌ ተቆንጥሮ ከባለቤቱ ወጥቶ።
እንደ ዓሣ እንቁላል ክብ ክብ ብሎ አድጓል፤
ስሙ ደጅ ቀርቶበት «አርባ አንድ» ተብሏል።
በየሁለት ቀኑ ፈሳሹን ቀይሬ
አበላዋለሁ፤ ይኸው ነው ውሎዬ፣ አዳሬ።

አንድ ማክሰኞ መጣ፣ ባለቤቱ ራሱ፤
ሾፌር ነው፣ የአውቶቡስ፤ ሰፍቶታል ልብሱ።
«ልየው» አለ። ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቶ
ዝም አለ፣ ብዙ ቆይቶ።
ከዚያ፦
«ይርበዋል?»
«አዎ።»
«ይበላል?»
«በደንብ።»
«ከእኔ ይሻላል።»
ሚስቱ ሂልትሩድ ግን «አላይም» አለች፤
ኮቱን ስትቆልፍ አንድ ቁልፍ ዘለለች።

አምስት መድኃኒት ነበር። የመጀመሪያው ሲነካው
እንደ ውኃ ጠጣው። ሁለተኛውም ያው።
ሦስተኛው ሲደርሰው ጥቂት አንገራገረ፤
አራተኛው ግን፣ በሦስተኛው ሌሊት፣
ቆሽቱ አረረ።
ጠቆረ፣ ተሰባብሮ እንደ አመድ ረገፈ፤
የማይንቀጠቀጥ እጄ ቁጥር አጣሞ ጻፈ።

ማታ ለእህቴ ደወልኩ፣ ለጥሩወርቅ፣ ጂማ፤
«ዛሬ ቆሽት አረረ!» ብላት
«ማን አናደደሽ?» አለች፣ ገና ሳትሰማ።
ለኛ ቆሽት ሲያር ቁጭት ነው፣ ንዴት፤
ደስ ብሎኝ ነው ብላት ይገባታል እንዴት?

ደግሞም ሰሃን ነው። ሰሃን ሆድ የለውም፣
አያስመልሰውም፣ እንቅልፍ አያጣም፣
ኮት የምትቆልፍለት ሚስት አላገባም።

ወረቀቱን ሐኪሙ ወስዷል። ሰኞ ይጀመራል።
ጓንቴን አጠልቃለሁ፤
መድኃኒት ያልነካው ረድፍ
ዛሬም ይርበዋል።