አንድ ሄልሜት

አስራ አንድ ሳይክል አለኝ፤ ሄልሜት ግን አንድ ነው።
ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ጥላ ሲመለስ ነው የማከራየው።
ጎማ እነፋለሁ፣ ፍሬን አጠብቃለሁ፣
በደቂቃ ሒሳብ መንገድ እሸጣለሁ።

ሄልሜቷ ቢጫ ናት።
የባንክ ቤቱ ልጅ ሽቶ፣ የሊስትሮው ላብ፣ የሹሩባ ቅቤ፣
ሁሉም ይሸተኛል፣ ማታ ስወለውላት ካፍንጫዬ አቅርቤ።

እሁድ ማለዳ ላይ፣ ከጥቁር አንበሳ ተረኛ አድራ ስትወጣ፣
ሲስተር ትርሲት እኔ ጋ ናት፤ ትነዳለች እንቅልፏ እስኪመጣ።
ወሬዋ ከሳይክሉ ይቀድማል። የራስ ቅል ነገር አይለቃትም፤
የየአገሩን ሕግ ስልኳ ላይ ታነባለች፣ እኔን ሳትነግር አትሄድም።

«አውስትራሊያ ብትሆን፣ ጋሼ፣ ባዶ ራሱን የነዳ ይቀጣል፤
ትልቅ ነኝ ቢልም አይሰማ፣ ፖሊሱ ደብተር ያወጣል።»
«ቅጣቱ ከኪራዬ ይበልጣል?»
«ከሳይክልህም ይበልጣል!»

«ሆላንድ ግን፣ ዝናብ እየመታው፣ ልጁን ከፊቱ ጭኖ፣
ሰው ባዶ ራሱን ይሄዳል፤ መንገዱ ሄልሜት ሆኖ።»
ይቺን ወደድኳትና ሁለት ቀን አሰብኳት።
መንገድ ሄልሜት ሲሆን! ለሚኒባሱ ነገርኳት፤
እሱ ግን ጡሩንባውን ነው የመለሰላት።

«ጃፓን ደግሞ ሕጉ፣ ‹እባካችሁ ሞክሩ› ነው የሚል።» «ቅጣቱስ?» «የለማ።»
«ታዲያ ይሄ ሕግ ነው? እናት ናት እንጂ፣ ደጅ ላይ ቆማ
‹ሹራብ ደርብ› የምትል፣ ልጇ ጥጉን ዞሮ ድምጿን ሳይሰማ።»

«ሜክሲኮም ነበረ፤ በኋላ ሰረዙት» ስትለኝ ደነገጥኩ፤
«ከመቼ ወዲህ? ትናንት እኮ በዚያ አለፍኩ!»
ሳቋ አላናግር አላት። «አደባባዩ አይደለም፣ ከተማው ነው ጋሼ፤
ለኪራይ ሳይክል እንዲመች ብለው ነው።»
ለሙያ አጋሮቼ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፣ የእጄን ግራሶ አብሼ።

የገባችኝ ግን ስፔን ናት።
ከከተማ ውጪ ሄልሜት ግድ ነው አሉ፤
ረጅም ዳገት ላይ ሲሆን ግን ማውለቅ ይችላሉ።
ይሄን የጻፈው ሰው ቢሮ አልዋለም፤
ሽቅብ ያልገፋ ሰው እንዲህ አያስብም።
ከዚያን ቀን ወዲህ እኔም ሕግ አለኝ፣ በአፌ የጻፍኩት፦
ከለገሃር ወደ ፒያሳ ለሚወጣ፣ ምርቃት፤
ከቴዎድሮስ አደባባይ ለሚወርድ፣ ቢጫዋን ሄልሜት።
ሁለት ሰው ከወረደ፣ ዕጣ።

ስቀንበታል በዚህ፣ ብዙ እሁድ።

ሄልሜቷን ያመጣችልኝ እሷው ናት፣ ባለፈው ክረምት፣ በፌስታል።
ገልብጬ አየኋት፤ አንድ ጭረት የላትም።
«አዲስ ናት?» አልኳት።
«አይደለችም።
ልጁ መሪው ላይ አንጠልጥሏት ነበር።
ያን ቀን ፀጉሩን ተቆርጦ ነበር።»
ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩም፣ አልነገረችኝም፤
ቤተሰቡ ሳይክሉን መውሰዱን፣
ይቺን አለመውሰዱን ብቻ።

ዛሬ ምንተስኖት መጣ፣ አስራ ሁለት ዓመቱ፣
የአስር ደቂቃ ሳንቲም በላብ የራሰ በመዳፉ።
ፀጉሩ በጎን በጎን ተላጭቶ፣ ገና የሎሽን ሽታ አለው።
ሄልሜቷን ሳነሣ ሸሸ፦
«ጋሼ፣ እኔ ሽቅብ ነኝ! ሕግህ አይደል?»
ሕጌ ነው።
እንደ ጠበቃ እጁን ኪሱ ከቶ ጠበቀኝ።

ቀና ብዬ ዳገቱን አየሁት።
ሽቅብ የወጣ ልጅ፣ ታዲያ በየት ሊመለስ ነው?

«ና ወዲህ» አልኩት።
ማሰሪያውን ካገጩ ሥር አሳለፍኩ፣
ቆዳውን እንዳይነክሰው ጣቴን መሃል አድርጌ።
ቀጭ አለ።
ፊቱን አኮሳትሮ ሄደ፣ ፔዳሉ ላይ ቆሞ፣ ቢጫ ነጥብ ሆኖ።

አስሩ ሳይክል ባዶ ራስ ወጥቷል፤
ሰዓቴን ሳይሆን ቁልቁለቱን እያየሁ ነው።