ከፓራፋንጎው ሥር

ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ ገና ፓምፑ ሳይሞቅ፣
አንዲት ላንድክሩዘር፣ ቀለሟ የማይታወቅ፣
ነጭ ትሁን ቡላ፣ አቧራ የዋጣት፣
ከላቫጆው በራፍ ሞተሯ ጠፋባት።
ባለቤቷ ወረደች፤ ወይዘሮ እቴነሽ፣
ጡረተኛ ነርስ ናት። «ልጄ፣ ቀስ ብለሽ
እጠቢልኝ እሺ፤ ባሌስትራው ተሰብሯል፤
ከአቤ ሐይቅ ማዶ ነን፤ መንገዱ ጎድቷታል።»

ኮፈኑን ከፈትኩት፦ በራዲያተሩ አፍ
አንበጣ ደርቋል፣ ተጣብቆ በረድፍ።
ፖርቶ መጋላው ላይ ሦስት ባዶ ጄሪካን፣
አንድ የፈነዳ ጎማ፣ የተቀደደ ድንኳን።
ምንጣፉን ሳራግፍ አሸዋው ፈሰሰ፤
ጨው ጨው አለኝ፣ ሳላስብ ምላሴ ስለቀመሰ።

«እትዬ፣ ድንበሩ ግን ምን ይመስላል?» አልኳት።
«ገመድ ነው» አለችኝ፤ ሳቋ አመለጣት።
«በሁለት ችካል መሃል፣ አንድ ጫፉ የላላ።
ግራር ሥር የተኛ አንድ ሰው ነበረ፤ ሌላ
ነፍስ የለም። ተነሣ። ደብተር ነበረው፣
የተማሪ ደብተር፣ ሽፋን የሌለው።
ስማችንን ጻፈ፣ የአባትም የአያትም፤
ፓስፖርት አልጠየቀን፤ ማኅተም የለውም።
‹ውሃ አላችሁ?› አለ። አንድ ጄሪካን ሰጠነው፤
ገመዱን መሬት ጣለው፤ ጎማችን ረገጠው።
በቃ።»

«ማዶውስ?»

«ማዶውማ ያው ነው፤ ያው አሸዋ፣ ያው ግራር።
ባሌ ‹አልፈናል› ሲለኝ፣ ‹የለም› ብዬ ስከራከር፣
ኮረብታ ላይ ስልኬ ጮኸ፦ ‹እንኳን ደህና መጡ›።
ያኔ ነው ያመንኩት። ፍየሎቹ እንደሆኑ
ያለ ስልክ ነው የሚውሉት፣ ሲገቡ ሲወጡ።»

ዝም አልኩ። ስፖንጄን ጨመቅኩ።
የእኛ ቤት ከቱሉ ዲምቱ ዳገት ሥር ነው፣ ቆርቆሮ ቤት፤
አባቴ ሲሠራው ገብስ ነበር ያለበት።
ከዚያ ከተማ ሆነ። ከዚያ ደግሞ አይደለም ተባለ፤
ቀያሾች መጡና የአጥራችን ማገር ተነቀለ፤
አንድ ጠዋት በራችን ላይ
ቀይ የተቀባ ድንጋይ ቆሞ አገኘን።
መታወቂያዬን ሦስት ጊዜ ቀየርኩ፣
ከአልጋዬ ሳልነሣ።
ገመድ አላየሁም።
ውሃ የለመነን ሰውም አልነበረም።

ይሄን ለእቴነሽ አልነገርኳትም። ቱቦዬን ይዤ
ከፓራፋንጎው ሥር ገባሁ፣ በጀርባዬ ተንጋልዬ፤
መጀመሪያ ቀይ፣ ከዚያ ቡላ፣ ከዚያ ነጭ ጭቃ ወረደ፤
ቦዩን ይዞ ቁልቁል ወደ አቃቂ ወንዝ ሄደ።

ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ ጋሽ በዳሶ፣ የኅብረተሰብ መምህራችን፣
ጠመኔውን ካርታው ላይ እየጎተተ፣
«አቃቂ አዋሽ ይገባል። አዋሽ ግን
ባሕር አያይም» ብሎን ነበር፤
ጠመኔው በረሃው ላይ ቆመ፣
አቤ ላይ፣ ጠርዙ ላይ፣ ተሰበረ።

«ስንት ነው?» አለችኝ። ነገርኳት።
«መልሱን ያዢው» አለችና ሞተሩን አስነሣች።
መኪናዋ ነጭ ነበረች።

ከቦዩ ጫፍ ቆሜ አየሁት፤
ያ ጨዋማ አሸዋ ከሣሙና አረፋ ጋር
እየተንከባለለ ወደ መጣበት ሲሄድ፤
ስሙን የሚጽፍ አልነበረም።