መልሰው

ሥራዬ ቃል ማሻገር ነው፥ ጎተንበርግ ሆስፒታል፤
የሰው ሕመም በእኔ አፍ ወዲያ ወዲህ ይላል።
«ከአንድ እስከ አሥር ድረስ፥ ሕመምሽ ስንት ነው?» ሲሏት፥
«እንደ ምጥ ነው» ትላለች አንዲት የሐረር እናት።
እኔ ቁጥር አደርገዋለሁ። «ሰባት» እላለሁ። «ሰባት።»
ሐኪሙ ይጽፋል። ምጧ ግን አልገባም ከወረቀት።

አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ኖርኩ፥ የሰው ጭንቅ ሳራግፍ፤
ምላሴ ድልድይ ነበረች፥ ሁሉ በላይዋ የሚያልፍ።

በኅዳር ግን፥ በዘጠኝ ተኩል፥ ጀንበር ገና ስትጠልቅ፥
ባሌን ከወደብ አመጡት፤
ብጠራው የማይነቃ፥ ብኮረኩረው የማይስቅ።
«ሲበይድ መሰላል ከዳው» አለኝ ጓደኛው ፖላንዳዊው፥
የባሌን ቆብ እንደ እርጥብ ጨርቅ እያዞረ ሲጨምቀው።

ነርሷ ስሙን ጽፋ፥ የላስቲክ አምባር አሰረችለት፤
«ትርጉም አለው?» አለችኝ፤ ልታጽናናኝ ብላ፥ በደግነት።
«የለውም፥ ስም ነው» አልኳት።
በአሥራ አንድ ዓመት ሥራዬ፥ አንድ ቃል አውቄ ነፈግኳት።

ከምድር ቤቱ አንድ ክፍል አለ፤ «የጸጥታ ክፍል» ይሉታል፤
መስቀል የለ፥ ሥዕል የለ፤ በባትሪ የሚበራ ሻማ ቆሟል፤
ለሁሉ እምነት እንዲመች፥ ማንም እንዳይከፋ።
ጫማዬን አወለቅሁ፤ ልማድ ነው። ከዚያ ግን ቃል ጠፋ።
ሦስት ቋንቋ የማውቀው እኔ፥ በሦስቱም አፌ ታሰረ፤
በቃሌ የያዝኩት ጸሎት መሐሉ ላይ ተሰበረ።

ጌታዬ፥ ቅር አይበልህ፤ ላምርልህ ብዬ አልመጣሁም፤
ስለት ብሳል ዋሽቼህ ነው፤ የጃንጥላ መግዣ የለኝም።
ተቆጥቻለሁ። በአንተም ነው። ይኼን ለማን እነግራለሁ?
ከእሑድ ወዲህ አልበላሁም፤ ለጎረቤት «ጾም ነው» እላለሁ።

የምለምንህ ትልቅ አይደለም።
ማንኮራፋቱን ስጠኝ፤ ስንቴ በክርኔ የወጋሁት፤
በሸሚዙ አንገት የብረት ጢስ፥ ስንቴ «ውጪ አውልቀው» ያልኩት፤
የትራሙን ፌርማታ ስም ሲጠራ፥ አፉ እየተሳሰረ፥
አጠገቡ የተቀመጠውን ሲያስቅ። እርሱን ስጠኝ፥ እንደ ነበረ።

እናቱ ከእርሱ በፊት ሦስት ቀብራ ነበር፥ ደብረ ሲና፤
የአራተኛው ትንፋሽ ሲጠፋ፥ አንጋጣ ወደ ደመና፥
አንዲት ቃል ብቻ አለች አሉ። በኋላ ያ ቃል ስም ሆነ።
ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፥ የጠራው ሁሉ ለመነ፥
መለመኑን ሳያውቀው፤ መምህሩ፥ ልብስ ሰፊው፥ አለቃው፥
እኔም ከወጥ ቤት በር ቆሜ፥ ራት ቀርቦ ስጠራው።

እዚህ መሐል የሚቆም የለም፤ ቁጥርም አትጠይቅም፥ አይደል ወይ?
እናቱ ያለችህን ነው የምልህ፤ ያኔ ሰምተሃት የለም ወይ?

መልሰው።

መልሰው።

በሩ ተከፈተ። የሌሊቱ ጽዳት ሠራተኛ ባልዲውን ይዞ ቆመ፤
ባዶ እግሬን አየ። ጠየቀኝ፥ ድምፁ እያዘገመ፦
«ማንን ነው የምትጠሪው?»
ባሌን ነው? አንተን ነው? ጥያቄውን በምን ቋንቋ ልመልሰው?
ዝም ስል፥ ወለሉን ሳያብስ፥ መብራቱን እንደ በራ ተወው።